ሳንቲያጎ ራሞን ኢ ካሃል

ሳንቲያጎ ራሞን ኢ ካሃል (ሚያዝያ 24 ቀን 1844 – ጥቅምት 7 ቀን 1927 ዓ.ም.፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሜይ 1 ቀን 1852 – ኦክቶበር 17 ቀን 1934) ስፔናዊ ሐኪምና የአናቶሚ ተመራማሪ ነበር። የነርቭ ሥርዓት እርስ በርሱ የተጣበቀ አንድ መረብ ሳይሆን ራሳቸውን የቻሉ ሴሎች ስብስብ መሆኑን በማሳየቱ ይታወቃል። ለዚህም ሥራው የ1906 የኖቤል ሽልማትን ከጣሊያናዊው ካሚሎ ጎልጂ ጋር ተካፍሏል። ከማስረጃዎቹ ብዙዎቹ የተገኙት አዲስ ከተወለዱ አይጦችና ጥንቸሎች እንዲሁም ከጫጩት ሽሎች ነው። ከአንጎል ግንድ ተነስተው ወደ ህብለ ሰረሰር የሚወርዱ የነርቭ መስመሮች በአይጥ ላይ ሲጠኑ እስከ ዛሬ የእሱ ሥዕሎች መነሻ ሆነው ያገለግላሉ። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነት

ካሃል የተወለደው በሰሜን ስፔን በምትገኘው ፔቲያ ደ አራጎን በተባለች ትንሽ መንደር ነው። አባቱ ሁስቶ ራሞን ከድህነት ተነስቶ በራሱ ጥረት የቀዶ ሕክምና ባለሙያ የሆነ ቆራጥ ሰው ነበር። ልጁም ሐኪም እንዲሆን ወሰነ። ልጁ ግን የሚወደው ሥዕል መሳል ነበር። አባትየው ሥዕልን እንደ ሥራ ፈትነት ስለሚቆጥረው ቤቱ ለረጅም ጊዜ የጠብ ቤት ሆነ።

ትምህርት ቤት ውስጥም ሰላም አልነበረም። በ11 ዓመቱ በገዛ እጁ በሠራው መድፍ የጎረቤት በር በማፍረሱ ለጥቂት ቀናት ታስሯል። አባቱ ተስፋ በመቁረጥም ይሁን ለቅጣት፣ አንድ ጊዜ ለፀጉር አስተካካይ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ለጫማ ሰሪ ረዳት አድርጎ ቀጠረው።

አባትና ልጅ የተስማሙት በ1868 በጋ ነው። አባትየው ከአሮጌ መቃብር የተገኙ የሰው አጥንቶችን አምጥቶ ያስተምረው ጀመር፤ ልጁም አጥንቶቹን እየሳለ ተማረ። የአካል ክፍሎች ሥዕል ሁለቱም የተቀበሉት ሥዕል ሆነ። ካሃል ከዚያ በኋላ በሳራጎሳ ሕክምና አጥንቶ በ1873 ተመረቀ።

ኩባና የመጀመሪያው ማይክሮስኮፕ

እንደተመረቀ ለውትድርና ተመለመለ። በ1874 የጦር ሐኪም ሆኖ ያኔ የስፔን ቅኝ ግዛት ወደነበረችው ኩባ ተላከ። በደሴቲቱ የነጻነት ጦርነት ይካሄድ ስለነበር በረግረግ አካባቢ በነበረ የጦር ሆስፒታል ተመደበ። ብዙም ሳይቆይ ወባና ተቅማጥ ያዘው፤ በ1875 ጤናው ተጎሳቁሎ ወደ አገሩ ተመለሰ።

ለዶክትሬት ፈተና ወደ ማድሪድ በሄደ ጊዜ የሕብረ ሕዋስ ናሙናዎችን በማይክሮስኮፕ ተመለከተ። ወደ ሳራጎሳ ሲመለስ ከወታደራዊ ደመወዙ በተረፈችው ገንዘብ አንድ ማይክሮስኮፕ ገዝቶ በቤቱ አነስተኛ ቤተ ሙከራ አቋቋመ። በ1878 ደግሞ የሳንባ ነቀርሳ ያዘውና ደም ተፋ። ከበሽታው ካገገመ በኋላ በ1879 ሲልቬሪያ ፋኛናስን አገባ፤ ሰባት ልጆችም ወለዱ። የዚያን ጊዜ የስፔን ዩኒቨርሲቲዎች ለምርምር የሚሰጡት ገንዘብ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። በመሆኑም የቤተሰቡን በጀት አብቃቅታ ለባሏ ቤተ ሙከራ ቦታም ገንዘብም ያተረፈችው ሲልቬሪያ ነበረች።

በ1880ዎቹ መጀመሪያ በቫሌንሲያ የአናቶሚ ፕሮፌሰርነት አገኘ። በ1885 ኮሌራ ሲነሳ በበሽታው ላይ ጥናት አደረገ፤ የሳራጎሳ አስተዳደርም ስለ ጥናቱ ምስጋና ዘመናዊ የዛይስ ማይክሮስኮፕ ሸለመው። ይህ መሣሪያ ከጀርመን ተመራማሪዎች ጋር በእኩል ዓይን እንዲያይ አስችሎታል።

ጥቁሩ ቀለም

የዘመኑ ትልቅ ጥያቄ የነርቭ ሴሎች እርስ በርሳቸው እንዴት ይገናኛሉ የሚለው ነበር። ከእያንዳንዱ ሴል የሚወጡት ክሮች እጅግ ቀጭን ናቸው፤ በሚሊዮን የሚቆጠሩት ተጠላልፈውም ይተኛሉ። በጊዜው በነበሩት ቀለሞች ሲነከሩ ሁሉም አንድ ላይ ስለሚቀልሙ የሚታየው እንደ ጥቅጥቅ ዱር ያለ ነገር ብቻ ነበር። ብዙዎቹ ሊቃውንት ክሮቹ ተጣብቀው አንድ ቀጣይ መረብ ይሠራሉ ብለው ያምኑ ነበር።

ይህ ክርክር ለስም ብቻ የተደረገ አልነበረም። መረቡ እውነት ከሆነ ምልክት ከየትም ወደ የትም ሊሄድ ይችላል፤ አንድ የነርቭ መስመር ከዚህ ተነስቶ እዚያ ይደርሳል ብሎ ካርታ መሥራትም ትርጉም አይኖረውም። ሴሎቹ የተለያዩ ከሆኑ ግን እያንዳንዱ ክር መነሻና መድረሻ አለው፤ ሊከተሉትም ይቻላል።

በ1873 ካሚሎ ጎልጂ አዲስ ዘዴ አገኘ። የአንጎል ቁራጭ በፖታሲየም ዳይክሮሜት ተነክሮ ይቆይና ከዚያ ሲልቨር ናይትሬት ውስጥ ይገባል። እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ ባልተብራራ ምክንያት ከብዙዎቹ ሴሎች ጥቂቶቹ ብቻ ከእነ ቅርንጫፎቻቸው ጥቁር ይሆናሉ፤ የቀሩት ሳይቀልሙ ይቀራሉ። ዱሩ ተመንጥሮ ጥቂት ዛፎች ብቻ የቆሙ ይመስላል። ሆኖም ዘዴው አንዴ ሲሠራ አንዴ ስለሚከሽፍ ብዙዎች ትተውት ነበር። ካሃል ይህን ቀለም ያየው በ1887 ነው፤ ማድሪድ ለፈተና ሥራ በሄደበት ጊዜ የአእምሮ ሐኪሙ ሉዊስ ሲማሮ ከፓሪስ ያመጣውን ዘዴ በቤቱ አሳየው። በዚያው ዓመት ካሃል ወደ ባርሴሎና ዩኒቨርሲቲ ተዛወረ፤ ሥራውንም እዚያ ጀመረ።

በዘዴው ላይ ያደረጋቸው ማሻሻያዎች ሁለት ነበሩ። አንደኛው ቁራጩን በኬሚካሎቹ ደጋግሞ መንከር ነው። ሁለተኛው ከዚህ ይልቃል፤ የጎለመሰ እንስሳ አንጎልን ትቶ ሽሎችንና አዲስ የተወለዱ ግልገሎችን መረጠ። በጎለመሰ እንስሳ ረጅሙ የሴል ክር፣ ማለትም አክሶን፣ ማይሊን በተባለ የስብ ሽፋን ይጠቀለላል፤ ብሩም ሽፋኑን አልፎ አይገባም። በዚህ ምክንያት ክሩ ከሴሉ ሲወጣ ይታይና ሽፋኑ በሚጀምርበት ቦታ ይጠፋል። ጎልጂና ሌሎች ክሩ መረብ ውስጥ ቀለጠ ብለው ያሰቡት በከፊል ከዚህ የተነሳ ነው። በተወለደች በጥቂት ቀኗ አይጥ ግን ሽፋኑ ገና አልተሠራም፤ ስለዚህ ክሩ እስከ ጫፉ ይጠቁራል።

ከአንጎል ግንድ ወደ ህብለ ሰረሰር

የአይጥ ግልገል ሌላም ጥቅም ነበራት፤ እሱም ትንሽነቷ ነው። የሰው የአንጎል ግንድ ከላይ እስከ ታች በአንድ የማይክሮስኮፕ ቁራጭ ላይ አይቀመጥም። የግልገሏ አንጎል ግን በቁመቱ ሲቆረጥ የአንጎል ግንዱና የህብለ ሰረሰሩ የላይኛው ክፍል አንድ መስታወት ላይ ጎን ለጎን ይታያሉ። ከላይ የተነሳ ክር ወደ ታች ሲታጠፍና ወደ ህብለ ሰረሰር ሲያመራ በዓይን መከተል ተቻለ። (ጥንቸል በዚያ ዘመን ከአይጥ ወገን ትመደብ ነበር፤ ለብቻዋ የተለየችው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ስለዚህ በቀድሞ መጻሕፍት የሁለቱ ውጤት አብሮ ተጽፎ ይገኛል።)

ካሃል በህብለ ሰረሰር ነጭ ክፍል ውስጥ ወደ ላይና ወደ ታች የሚጓዙት ረጃጅም ክሮች በየመንገዳቸው የጎን ቅርንጫፎች እንደሚጥሉ በስፋት አሳየ። ቅርንጫፎቹ ወደ ግራጫው ክፍል ገብተው በሴሎቹ ዙሪያ ያልቃሉ፤ ነገር ግን ከሴሎቹ ጋር አይጣበቁም። ስለዚህ ከላይ የሚወርድ አንድ ክር ትእዛዙን ለአንድ ቦታ ብቻ ሳይሆን በብዙ የህብለ ሰረሰር ደረጃዎች ላሉ ሴሎች ማድረስ ይችላል። አንገትን፣ ጀርባንና እግርን በአንድ ጊዜ ማስተባበር እንዴት እንደሚቻል ለሚጠይቅ ሰው ይህ ትልቅ ፍንጭ ነበር።

በአንጎል ግንድ ውስጥ በዝርዝር ከገለጻቸው መካከል የሰውነት ሚዛንን የሚቆጣጠረው የዳይተርስ ኑክሊየስ፣ በመካከለኛው አንጎል የሚገኘው ቀይ ኑክሊየስና መረብ መሰል በመሆኑ ሬቲኩላር ፎርሜሽን የተባለው ክፍል ይገኛሉ። በስሙ መረብ የሆነው ይህ ክፍል እንኳ ለብቻቸው ተለይተው ሊሳሉ የሚችሉ ትልልቅ ሴሎች እንዳሉበት አሳይቷል። በመካከለኛው አንጎል ያለ አንድ የሴሎች ስብስብ እስከ ዛሬ የካሃል ኢንተርስቲሻል ኑክሊየስ ተብሎ በስሙ ይጠራል። ክሮቹ ወደ ህብለ ሰረሰር ይወርዳሉ፤ የዓይንንና የራስን አቀማመጥ በማስተካከል ሥራ ይሳተፋል። አንጀት ውስጥ የሚገኙት የካሃል ኢንተርስቲሻል ሴሎች ከዚህ ጋር የሚጋሩት ስሙን ብቻ ነው።

ዘዴው ወሰን ነበረው። ብሩ የትኛውን ሴል እንደሚያጠቁር መምረጥ አይቻልም። ክሩም ከቁራጩ ወጥቶ ከተሻገረ ይጠፋል። አንድ ክር ከአንጎል ግንድ ተነስቶ ወገብ አካባቢ ማለቁን በጎልጂ ቀለም ብቻ ማረጋገጥ አይቻልም ነበር። ለዚህ ሌሎች ተመራማሪዎች ክሩን ቆርጠው ከቁስሉ በታች የሚበሰብሰውን ክፍል በማቅለም ይከተሉት ነበር። ካሃል የእነሱን ውጤት ከራሱ ሥዕሎች ጋር እያገናዘበ ጽፏል። ሁለቱ ዘዴዎች አንዱ የሌላውን ጉድለት ሞልተዋል፤ የመበስበስ ዘዴው ክሩ የት እንደሚደርስ ሲነግር፣ ጥቁሩ ቀለም ደግሞ እዚያ ሲደርስ ምን እንደሚመስል ያሳይ ነበር።

60 ቅጂ

በ1888 ግኝቶቹ ከመጽሔቶች የኅትመት ፍጥነት በለጡ። ስለዚህ በሜይ ወር የራሱን መጽሔት ማሳተም ጀመረ። የሚያሳትመው 60 ቅጂ ብቻ ነበር፤ አብዛኛውንም ለውጭ አገር ሊቃውንት በነጻ ይልክ ነበር። ወጪው ከደመወዙ ይወጣ ስለነበር ብዙ ጊዜውን ይወስድበት የነበረውን ቼዝ ጨምሮ መዝናኛዎቹን ተወ። በመጀመሪያው እትም የወፎችን ሴሬቤለም (ትንሹን አንጎል) አስመልክቶ የነርቭ ክሮች ነጻ ጫፍ እንዳላቸው ጻፈ። መልስ ግን እምብዛም አልመጣም፤ በስፔንኛ የተጻፈ ሳይንስ በጀርመን ብዙ አንባቢ አልነበረውም።

በ1889 ናሙናዎቹንና ማይክሮስኮፑን ይዞ በርሊን ላይ ወደተካሄደው የጀርመን አናቶሚ ማኅበር ጉባኤ በራሱ ወጪ ሄደ። በተሰባበረ ፈረንሳይኛ እየጋበዘ ሰዎች በማይክሮስኮፑ እንዲመለከቱ ለመነ። ከተመለከቱት አንዱ በዘመኑ በሕብረ ሕዋስ ጥናት አንቱ የተባለው አልበርት ፎን ኮሊከር ነበር። ኮሊከር ቀድሞ የመረቡን ሐሳብ ይቀበል ነበር። ያየውን አይቶ ሐሳቡን ለወጠ፤ ሥራውን ራሱ ደግሞ አረጋገጠ። ከ70 ዓመት በላይ ሆኖትም የካሃልን ጽሑፎች ለማንበብ ስፔንኛ ተማረ። በ1891 ጀርመናዊው ቪልሄልም ቫልዳየር የካሃልንና የሌሎችን ማስረጃ ሰብስቦ ለነርቭ ሴል ኒውሮን የሚል ስም አወጣ። ስሙ የቫልዳየር ይሁን እንጂ ከማስረጃው ትልቁ ድርሻ የካሃል ነበር።

ካሃል በዚሁ ጊዜ ሁለት ሐሳቦችን ጨመረ። አንደኛው ምልክት በሴሉ ውስጥ በአንድ አቅጣጫ ይሄዳል፤ በአጫጭሮቹ ቅርንጫፎች ገብቶ በአክሶኑ ይወጣል የሚል ነው። የዛሬ የአንጎል ሥዕሎች ላይ የሚታዩት ቀስቶች ከእሱ የተወረሱ ናቸው። ሁለተኛው በ1890 በጫጩት ሽል ያገኘው ነው፤ በማደግ ላይ ያለ አክሶን ጫፉ ላይ መንገድ የሚፈልግ ሾጣጣ እብጠት አለው። የሞተ ናሙና እያየ ሕያው እንቅስቃሴ መገመቱ በኋላ ትክክል ሆኖ ተገኝቷል።

ማድሪድና ትልቁ መጽሐፍ

በ1892 በማድሪድ ፕሮፌሰር ሆነ። በ1894 በሮያል ሶሳይቲ ንግግር እንዲያደርግ ወደ ለንደን ተጠርቶ በወጣቱ ቻርለስ ሼሪንግተን ቤት አረፈ። ሼሪንግተን ከጥቂት ዓመት በኋላ፣ በ1897፣ ካሃል የገለጸውን የሴሎች መገናኛ ሲናፕስ ብሎ የሰየመው ሰው ነው። ከ1899 እስከ 1904 የካሃል ዋና ሥራ የሆነው የሰውና የአከርካሪ እንስሳት የነርቭ ሥርዓት መጽሐፍ በክፍል በክፍል ወጣ። ከአንጎል ግንድ ወደ ታች የሚወርዱት መስመሮች በሰፊው የተገለጹት በዚህ መጽሐፍ ነው። ከ1909 እስከ 1911 የወጣው የፈረንሳይኛ ትርጉም ከስፔንኛው ይልቅ ተነበበ።

በ1898 ስፔን ከአሜሪካ ጋር ባደረገችው ጦርነት ኩባን አጣች። በዓመቱ አንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ካሃልን ለንግግር ጋበዘው፤ በወጣትነቱ በኩባ የታመመው የቀድሞ የጦር ሐኪም ግብዣውን ተቀብሎ ሄደ። በ1900 ዓለም አቀፍ የሕክምና ጉባኤ የሞስኮን ሽልማት ሲሰጠው የስፔን መንግሥት ነቅቶ ቤተ ሙከራ ሠራለት። ካሃል ለዳይሬክተርነቱ የተመደበለት ደመወዝ እንዲቀነስ ጠየቀ።

የኖቤል ሽልማት

በዲሴምበር 1906 ስቶክሆልም ላይ ሁለቱ ሰዎች ተገናኙ። ጎልጂ ዘዴውን ፈጠረ፤ ካሃል በዚያው ዘዴ የጎልጂን እምነት አፈረሰ። ጎልጂ በ11ኛው ቀን ባደረገው ንግግር የኒውሮን ሐሳብ እያለፈበት ነው በማለት መረቡን ተከላከለ። ካሃል በማግስቱ ማስረጃውን አቀረበ፤ ለጎልጂም ተገቢውን ምስጋና ሰጠ። እርቅ ግን አልወረደም። ክርክሩ በማያጠራጥር መንገድ የተዘጋው ሁለቱም ከሞቱ በኋላ ነው፤ በ1950ዎቹ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ በሴሎች መካከል ያለውን ጠባብ ክፍተት አሳየ።

ካሃል ራሱ ሁልጊዜ ለተቃራኒ ሐሳብ ለጋስ አልነበረም። ተማሪው ፒዮ ዴል ሪዮ ኦርቴጋ ማይክሮግሊያ የተባሉትን የአንጎል ሴሎች ሲለይ የመምህሩን ምድብ ማስተካከል ነበረበት። ሁለቱ ተቃቃሩ፤ በ1920 ሪዮ ኦርቴጋ ከቤተ ሙከራው ተባረረ። ታሪክ ለተማሪው ፈርዷል።

የተቆረጠ ነርቭ

ከኖቤል በኋላ ካሃል ወደ ሌላ ጥያቄ ዞረ፤ የተቆረጠ ነርቭ እንደገና ያድጋል ወይ? በእጅና በእግር ያለ ነርቭ ሲቆረጥ ክሮቹ ተመልሰው ያድጋሉ። የአንጎልና የህብለ ሰረሰር ክሮች ግን ጥቂት ያቆጠቁጡና ይቆማሉ። ይህን ጥናት በ1913 እና 1914 በሁለት ጥራዝ አወጣ፤ የማሳተሚያውን ወጪ የሸፈኑት በአርጀንቲና የሚኖሩ ስፔናውያን ሐኪሞች ነበሩ። በመጽሐፉ የጎለመሰ አንጎል ክሮች ዳግም እንደማያድጉ ጥብቅ ፍርድ ሰጠ። ነገር ግን ተማሪው ፍራንሲስኮ ቴዮ የእግር ነርቭ ቁራጭ አንጎል ውስጥ ሲተክል ክሮች ወደ ቁራጩ ሲያድጉ ማየቱንም መዝግቧል። አንባቢዎች ለረጅም ጊዜ ያስታወሱት ፍርዱን እንጂ ይህን ሙከራ አልነበረም።

የመጨረሻ ዓመታት

በ1922 ከፕሮፌሰርነት ጡረታ ወጣ። ቀለም ፎቶግራፍ ይወድ ስለነበር በዚሁ ጉዳይ በ1912 መጽሐፍ አሳትሟል፤ ልብ ወለድ ታሪኮችም ጽፏል። ባለቤቱ ሲልቬሪያ በ1930 አረፈች። እሱም በ82 ዓመቱ በማድሪድ አረፈ። ከሁለት ዓመት በኋላ የእርስ በርስ ጦርነት ተነሳ፤ በጦርነቱና በተከተለው ሥርዓት የተነሳ በዙሪያው ያሰባሰባቸው ተመራማሪዎች ተበተኑ። ሪዮ ኦርቴጋ በስደት ቦነስ አይረስ ሞተ። ቴዮ ከሥራው ተባረረ።

ከሞቱ በኋላ

በ1970ዎቹ ካሃል ያልነበረው መሣሪያ ተገኘ። ህብለ ሰረሰር ውስጥ የተወጋ ልዩ ኢንዛይም በክሮቹ ጫፍ ተውጦ ወደ ኋላ እስከ ሴሉ ይጓዛል፤ ከዚያም የአንጎል ግንዱ ሲቆረጥና ሲቀልም ወደዚያ ቦታ ክር የላኩት ሴሎች ተለይተው ይታያሉ። ቀጥሎም የሚያበሩ ቀለሞች መጡ። በዚህ መንገድ በአይጥ ላይ በተሠራው ካርታ የቀይ ኑክሊየስ ክሮች መካከሉን ተሻግረው በተቃራኒው ጎን ሲወርዱ፣ የዳይተርስ ኑክሊየስ ክሮች ደግሞ በዚያው በተነሱበት ጎን ሲወርዱ በግልጽ ታየ።

በ1981 በሞንትሪያል ሳሙኤል ዴቪድና አልበርት አጉዋዮ የቴዮን ሐሳብ በጎለመሱ አይጦች ላይ መልሰው ሞከሩት። ከእንስሳው እግር የተወሰደ የነርቭ ቁራጭ አንዱን ጫፍ ከአንጎል ግንዱ የታችኛው ክፍል፣ ሌላውን ጫፍ ከደረት አካባቢ ህብለ ሰረሰር ጋር አገናኙ። የሁለቱም ቦታ ሴሎች ክሮቻቸውን በድልድዩ ውስጥ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል አሳደጉ። ሴሎቹ ማደግ የሚችሉ ነበሩ፤ ያገዳቸው በዙሪያቸው ያለው ሁኔታ ነበር። ሆኖም ክሮቹ ከድልድዩ ወጥተው ወደ ህብለ ሰረሰሩ የገቡት እጅግ ጥቂት ርቀት ብቻ ነው፤ የተቆረጠ ህብለ ሰረሰርን የሚያድን ሕክምና ለማግኘት የሚደረገው ጥናትም አሁን ድረስ ከዚህ ችግር ጋር ይታገላል።

የካሃል ሥዕሎችና የመስታወት ናሙናዎች ማድሪድ በነበረው በስሙ በተሰየመው ተቋም ለረጅም ጊዜ ሲጠበቁ ቆይተዋል። በ2017 ዩኔስኮ የእሱንና የተማሪዎቹን ሰነዶች በዓለም የመታሰቢያ መዝገብ አስፍሯቸዋል።